የባለቤቴ ሁለተኛ ባል ስለተባለው አቶ ዊንሜይል ዳት

ሰኔ 24 ቀን 2003 ዓ.ም.
ውርጌሳ

ለክቡር አቶ ታደሰ ይርጋ
የ«ደጋና ቆላ» የፍራፍሬ ችግኝ ማባዣ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ወልድያ

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎ ጤና፣ የቢሮዎም ኮምፒዩተር ጤና እንዴት ነው? እኔ ከችግኞቼ ጋር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና አለመሆኔን የሚያስረዳውን ማስረጃ በኢሜይል ልኬልዎ ነበር፣ ነገር ግን እስካሁን እንዳልተከፈተ እገምታለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በውርጌሳ፣ በመርሳና በወልድያ ጣቢያዎቻችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለማስለጠፍ የወሰንኩት በድፍረት አይደለም። በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ያለ ምንም ፕሮግራም እንደሚከፈት ስላረጋገጥኩ ብቻ ነው።

እኔ ሲሳይ ደሳለኝ እባላለሁ። በድርጅትዎ ውርጌሳ ችግኝ ጣቢያ ማንጎና ብርቱካን ሳዳቅል ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ወ/ሮ ፅዮን አዳነ በዋናው መሥሪያ ቤት ወልድያ በጽሕፈት ክፍል ትሠራለች፤ ወደዚያ ያዛወሯትም ከሁለት ዓመት በፊት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከውርጌሳ ወልድያ በሚኒባስ ሩቅ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ መርሳ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ መጠበቁም ያን ያህል አይጎዳም። ይሁን እንጂ ችግኝ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃ ስለሚጠጣ ተመላልሼ መሥራት አልችልም። በዚህም ምክንያት ትዳሬ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ገብቶ እሑድ በአሥር ሰዓት የሚወጣ ትዳር ነው።

በጥቅምት ወር ታዲያ እርስዎ ያንን የተባረከ ሰርኩላር አወጡ። የትዳር ጓደኛው በሌላ ጣቢያ የሚሠራ ሠራተኛ የጋብቻ ማስረጃውን አያይዞ ቢያመለክት ወደ ትዳር ጓደኛው እንዲዛወር፣ ማስረጃውም የአሠራር ለውጡን መንፈስ በጠበቀ መልኩ በኢሜይል አባሪ ብቻ እንዲላክ፣ በእጅ ይዞ የሚመጣ ግን እንዳይስተናገድ ይል ነበር። በወልድያ ሁለት ክፍት ቦታ እንዳለም ተጽፎበታል። ሰርኩላሩን ለፅዮን በስልክ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬ ላቅርብ።

አንደኛ። በኅዳር ወር የቃል ኪዳን ምስክር ወረቀታችንን ከማመልከቻዬ ጋር አድርጌ ከጣቢያችን ኮምፒዩተር ላኩ። በኢሜይሉ ላይ «የባለቤቴ የወ/ሮ ፅዮን አዳነ ጉዳይ፤ ዝርዝሩ በአባሪው ተገልጿል» ብቻ ብዬ፣ ስሜንም ፊርማዬንም በአባሪው ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሥርዓት ነው ብዬ። በኋላ እንደተረዳሁት በእኛ ጣቢያ ያለው የፖስታ ፕሮግራም የሚላከውን አባሪ ሁሉ በራሱ ዓይነት ጥቅል ይጠቀልለዋል፤ ያንን ጥቅል የሚፈታው የራሱ ወንድም የሆነ ፕሮግራም ብቻ ነው። በእናንተ ዘንድ ያለው ፕሮግራም ደግሞ ወንድሙ አይደለም። ስለዚህ በወልድያ የታየው የጋብቻ ወረቀቴ ሳይሆን «ዊንሜይል ዳት» የሚል ስም የተጻፈበት፣ ቢነኩትም ቢነካኩትም የማይከፈት አንድ ነገር ነበር። እኔ በሙያዬ ብርቱካንን በሎሚ ግንድ ላይ አዳቅዬ ፍሬ አስበላለሁ፤ ሁለት የፖስታ ፕሮግራም ግን እንዴት እንደሚዳቀል አልተማርኩም።

ይህ እንኳ የሰው ጥፋት አይደለም እንበል። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ አስካለ ግን ያዩትን መዝግቡ የተባሉ፣ ያዩትንም የሚመዘግቡ ጥንቁቅ ሴት ናቸውና፣ በአመልካቾች መዝገብ «ስም» በሚለው ዓምድ «ዊንሜይል»፣ «የአባት ስም» በሚለው «ዳት» ብለው ጻፉ፤ በ«ትዳር ጓደኛ» ሥርም ፅዮን አዳነ። በታኅሣሥ አጋማሽ በማኅተም የታተመ ደብዳቤ ውርጌሳ ደረሰ። «ለአቶ ዊንሜይል ዳት፤ ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ ነገር ግን አባሪ የለዎትም» ይላል። አባሪ የለዎትም መባሌ ልክ ነው። ወልድያ ላይ አባሪ የለኝም፤ ተባባሪም የለኝም። እነዚህ ሁለቱ ለማን እንደተሰጡ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛ። እነሆ መጣሁበት። ከሁለቱ ክፍት ቦታዎች አንዱን በጥር ወር ለአቶ ገዛኸኝ ስለሰጡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። አቶ ገዛኸኝ የመርሳ ጣቢያችን ባልደረባ፣ ወጣት፣ ያላገባ፣ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነው። የተዛወረው በጨጓራ ሕመም ነው። የሐኪም ወረቀቱን የላከበት የመርሳው ፕሮግራም ከእናንተው ጋር አንድ በመሆኑ አባሪው በመጀመሪያው ጠቅታ ፏ ብሎ ተከፈተ አሉ። የእኔ በቤተ ክርስቲያን ማኅተም የጸና ጋብቻ ያልከፈተውን በር የእሱ ጨጓራ ከፈተው። ይሁን፤ ጨጓራም የሰው ነው። ሆኖም በፋሲካ ዕለት በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁት፣ ባለቤቴ የሠራችውን ቀይ ወጥ ጭልፋ አስደግሞ ሲበላ ያ ጨጓራ ትንፍሽ አላለም።

የባለቤቴን ወጥ ስለምን በላ ቢሉኝ፣ ይኸውልዎ። የተከራየው ቤት ባለቤቴ ከተከራየችበት ግቢ ውስጥ ነው። የእሷ በር በስተግራ፣ የእሱ በስተቀኝ፣ መካከላቸው አንድ የውኃ ቧንቧ። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለው ተረት በዚያ ግቢ አይሠራም፤ እዚያ ባለቤቱ ውርጌሳ ሆኖ እየጮኸ ጎረቤት ይረዳል። መብራት ሲቃጠል ይቀይራል፣ ጀሪካን ያነሳል፣ የስልኳን ድምፅ ያስተካክላል። ስሙን ደግሞ ልብ ይበሉልኝ። ማታ ማታ ከፅዮን ጋር በስልክ ስናወራ ድንገት ቀና ብላ ወደ ግቢው «ገዛኸኝ!» ብላ ትጣራለች። ሌላ ወንድ ቢሆን በስሙ ይጠራል። ይህ ግን ስሙ ራሱ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ሆኖ፣ የገዛ ሚስቴ በጆሮዬ ላይ ትለዋለች። ይርጋ ወይም አበባው ቢባል ኖሮ እንዲህ ባልተንገበገብኩ፤ እናትና አባቱን ግን በስም ምርጫ ልከሳቸው አልችልም።

ሦስተኛ፤ ወይስ አራተኛ ላይ ነን? የገዛኸኝ ነገር በተነሣ ቁጥር ቁጥር ይጠፋብኛል። ብቻ በየካቲት ወር መርሳ ወርጄ ኢንተርኔት ቤት ካለው ከአብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። አብዱልጀሊል ወረቀቴን በክብር ተቀብሎ፣ «ወላሂ ሲሳይ ወንድሜ፣ ይኼን ጊዜስ ትዳርህን እኔ ነኝ የማደርስልህ» ብሎ ጽሑፉን እንደገና ጽፎ፣ የሁለታችንን የሠርግ ፎቶ ለየብቻ ቀርጾ ከጽሑፉ ጋር አጣምሮ በስሜ በከፈተልኝ አድራሻ ላከው። አሁን ተከፈተ። እልል ሊባል ነበር። ነገር ግን የእናንተ ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ አንዱን የፎቶ ዓይነት ሲያውቅ ሌላውን አላወቀም። ፅዮን በነጭ ቬሎዋ ፈገግ እንዳለች ወጣች። ከጎኗ፣ ሙሽራው በሚቆምበት ቦታ፣ ባዶ አራት ማዕዘን፣ በውስጡም ትንሽ ቀይ የኤክስ ምልክት።

ጽሕፈት ቤትዎ በመጋቢት የላከውን መልስ እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ሙሽሪት ግልጽ ናት። የሙሽራው ማንነት ይገለጽ።» ቅሬታ ለማቅረብ ስደውል አንዱ ኃላፊ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት እንደሚታይብኝ መከሩኝ፤ ለምክሩም አመሰግናለሁ። የባሰው ግን ሌላ ነው። የማይከፈት ፋይል ሲበዛ አቶ ገዛኸኝን የኢሜይል አስተባባሪ አድርገው እንደሾሙት ሰማሁ። የጋብቻ ወረቀቴን ያየው፣ ያተመው፣ ምሳ ሰዓት ላይም ይዞት ሄዶ «ፅዮን፣ ባልሽን ሰርዘውታል» ብሎ ያሳያት እሱ ነው። እሷም ስቃ ስቃ እንባዋ ወረደ፤ ራሷ በስልክ ነው የነገረችኝ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሁለት መደብ የማንጎ ችግኝ ውኃ ሳላጠጣ አደርኩ።

ቀጥሎ ያለውን ምስጋና ምን ቁጥር ልስጠው? በግንቦት ወር የዝውውር ኮሚቴዎ መዝገቡን ሲመረምር፣ የፅዮን አዳነ ባል ነኝ ብለው ያመለከቱ ሁለት ሰዎች አገኘ፤ አንዱ አቶ ዊንሜይል ዳት፣ ሁለተኛው አቶ ሲሳይ ደሳለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። አንዱን ባላንጣ በውኃ ቧንቧ በኩል አልቻልኩትም፣ ሌላውን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከኮምፒዩተር ውስጥ አወጣልኝ። ያውም እሱ በመዝገቡ ከእኔ አንድ መሥመር በላይ ነው፣ የቀደመ አመልካች ነውና። ኮሚቴውም በአንዲት ባለቤት ስም ሁለት አመልካቾች በመቅረባቸው ጉዳዩ ታግዶ እንዲቆይ፣ ወ/ሮ ፅዮንም ከሁለቱ ባሏ የትኛው እንደሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ በኢሜይል አባሪ እንድታረጋግጥ ወሰነ።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ የምትቀመጠው ከእትዬ አስካለ ሁለት በር አልፎ ነው። በእግሯ ሄዳ «ባሌ ሲሳይ ነው» ልትል ሞክራ ነበር። እትዬ አስካለም «ልጄ፣ እኔስ ሠርግሽ ላይ ጨፍሬ የለ፤ ግን በቃል አትመዝግቢ ተብያለሁ» አሏት። ስለዚህ ፅዮን ከጠረጴዛዋ ተቀምጣ ጻፈችና ላከች። በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድ ፕሮግራም ነውና ወዲያው ተከፈተ። እትዬ አስካለ አነበቡት። ኮሚቴው አነበበው። እርስዎም አነበቡት፤ ሻይ እየጠጡ እንደሳቁበት ነው የሰማሁት። አቶ ገዛኸኝማ በሥራው ጠባይ ከሁሉ በፊት አነበበው፤ ግልባጩንም ለእኔ የላከልኝ እሱ ነው።

የእኔ ኮምፒዩተር ሲከፍተው ግን በወልድያ የተጻፈበት የአማርኛ ፊደል በጣቢያችን ስለሌለ፣ ከዳር እስከ ዳር የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ። ሚስቴ ስለ እኔ የጻፈችውን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲያነበው ያልቻልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከመካከሉ አንዱን የጥያቄ ምልክት እያየሁ ምን ጠይቃኝ ይሆን እያልኩ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ስደውልላት «አንዴ ጽፌዋለሁ፣ አልደግምልህም፤ ከፍተህ አንብበው» አለችኝ። ከዚያም፣ ምን ብላ ብታሳምመኝ ጥሩ ነው፣ «ካቃተህ ገዛኸኝን ጠይቀው» አለች።

ገዛኸኝን አልጠየቅኩም። በማግስቱ ረቡዕ ችግኙን ለጣቢያችን ዘበኛ አደራ ብዬ መርሳ አብዱልጀሊል ዘንድ ወረድኩ። እሱ ዘንድ ፊደሉ አለ። ከፈተልኝና ሁለት መሥመር እንዳየ «እኔ ትንሽ አየር ልቀበል» ብሎ ወደ በረንዳ ወጣ። ባለቤቴ የጻፈችው ይህ ነው፤ ሁሉም አንብቦታልና የሰሌዳው አንባቢዎች ለብቻቸው አይቅርባቸው፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ዊንሜይል የሚባል ሰው አላውቅም። ባለቤቴ ሲሳይ ደሳለኝ ነው። ማረጋገጫ አምጪ ስለተባልኩ፦ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት በግቢያችን በር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እኔን አይደለም። የጎረቤቴን የገዛኸኝን በር ነው። በሩ መዘጋቱን ካየ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚዞረው። ይህን የሚያደርግ ሰው ባል ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚባል መሥሪያ ቤቱ ሊያስረዳኝ ይችላል? ዝውውሩ ቢፈቀድለት ደስ ይለኛል። በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ከሚጠረጥረኝ በየቀኑ እያየኝ ቢጠረጥረኝ ይሻለኛል።»

የጥያቄ ምልክቱ የት ላይ እንደነበር አሁን አወቅኩ።

በግምገማ መድረኮቻችን ላይ ግለ ሂስ አድርግ ስባል ሁልጊዜ ሰዓት አላከብርም ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ እውነተኛውን ላድርግ። ቀንቻለሁ። በአቶ ገዛኸኝ ጨጓራ ቀንቻለሁ፣ ፋይሉ ስለተከፈተለት ቀንቻለሁ፣ በሚያነሳው ጀሪካን ቀንቻለሁ፤ የሌለ ሰው በሆነው በዊንሜይል እንኳ፣ በሚስቴ ስም አጠገብ ከእኔ በፊት ስለተጻፈ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ቀንቻለሁ። የገዛ ሚስቴን ቃል ከእኔ በፊት ገዛኸኝ ስላነበበው ግን ቅናት የሚለው ቃል ራሱ አነሰኝ። ይህንን ሁሉ ስሜት በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ሳይያዝ በነፃ ስላቀረቡልኝ አመሰግንዎታለሁ። በወ/ሮ ፅዮን ላይ የደረሰውን በደል ግን እንደ እኔ በደል በምስጋና ላልፈው አልችልም። እሷ ባሏ ማን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጪ የተባለች፣ የጓዳዋን ነገር ለኮሚቴ እንድትዘረዝር የተገደደች ሴት ናት፤ ይህን ያህል ያዋረዳትም አንድ ጥቅል አለመፈታቱ ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ ከሁለቱ ክፍት ቦታዎች የቀረው አንዱ ሰኔ 30 በበጀት ዓመቱ ማብቂያ እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላም ምናልባት ለዓመታት እንደማይከፈት ስለማውቅ፣ ውሳኔዎን በጉጉት እየጠበቅኩ፣ የሥራ ዘመንዎ እንደ ሰርኩላርዎ ረዥም፣ ጤናዎ እንደ አቶ ገዛኸኝ ጨጓራ የጸና፣ ሐሳብዎም እንደ ባለቤቴ ደብዳቤ ሳይጠቀለል የሚደርስ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የማይናወጥ ታዛዥዎ፣
ሲሳይ ደሳለኝ
የማዳቀል ባለሙያ፣ በአመልካቾች መዝገብ ሁለተኛው ባል

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ስሜን ከፊርማዬ ላይ ያንብቡት)
ለወ/ሮ ፅዮን አዳነ (በእጅ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሙጫ ስፈልግ ከጽሕፈት ቤትዎ ኢሜይል ደረሰኝ። «ዝውውርዎን በተመለከተ የተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ በአባሪው ተገልጿል» ይላል። አባሪው በጣቢያችን ኮምፒዩተር አልተከፈተም። ተፈቅዶልኝ እንደሆነ ወይም ተከልክዬ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ቢሮው ተዘግቶ ስልክ የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እንደተፈቀደልኝ ቆጥሬ ሰኞ ጠዋት አልጋዬንና ፍራሼን በሚኒባሱ ላይ አስጭኜ እመጣለሁ። ተከልክዬ ከሆነ አቶ ገዛኸኝ በፊቴ ከፍተው ያንብቡልኝ፤ ሥራቸው ነው። ደግሞ ከአሁኑ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ነገር አለ፦ በግቢው በር ስገባ መጀመሪያ የማየው ባለቤቴን ነው፤ የእሳቸውን በር በሁለተኛ ደረጃ።